«ጀግና እናት» ብለን የተውናት

የበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ ያውቃታል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇ አጠገቧ ነው። አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ያሳለፍሽውን ንገሪን» ይላታል። ገና አፏን ስትከፍት ከኋላ ፒያኖ ይገባል (የድምፅ ባለሙያው ሁልጊዜ ያቺኑ ፒያኖ ነው የሚያውቀው)። እሷ ታለቅሳለች፤ አቅራቢው ያለቅሳል፤ ተመልካቹም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከዚያ «እውነትም ጀግና እናት!» ይባላል። ስቱዲዮው ያጨበጭባል፣ ስፖንሰሩ ዘይትና ብርድ ልብስ ያበረክታል፣ ማስታወቂያ ይገባል። ዝግጅቱ አለቀ። እሷም ልጇን በአንድ እጇ፣ ዘይቱን በሌላው ይዛ ታክሲ ልትጋፋ ወጣች።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይህ ነገር ምን እንደሚባል እናውቃለን። «ሂዩማን ኢንተረስት» ነው። መምህሮቻችን «ከሰው ጀምሩና ወደ ጉዳዩ ግቡ» ይሉን ነበር። በእኛ ስክሪን ላይ ግን ከሰው ተጀምሮ በሰው ያልቃል፤ ጉዳዩ ጋ የሚደርስ የለም። ልጁን የትኛው ትምህርት ቤት መለሰው? እናትየው በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለች? እሷ ስትታመም ማን ይይዘዋል? አባትየውስ የት አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከፒያኖ ጋር አይሄዱም መሰለን፣ የሚጠይቃቸው የለም።

እንግዲህ ዛሬ ያለ ፒያኖ እናውራ። ወሬያችን ዳውን ሲንድረም ያለበትን ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ስለሚንከባከቡ ቤተሰቦች ነው። የምንለውም አንድ ነገር ነው፦ እነዚህን ቤተሰቦች የሚጨርሳቸው ልጁ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። «ጀግና» የምትለዋ ቃል ደግሞ ብቻቸውን ስንተዋቸው የምንከፍላት በጣም ርካሽ ዋጋ ናት። ጀግና ለተባለ ሰው ማን እርዳታ ያቀርባል? ጀግና አይደል፣ ይቻለው!

መጀመሪያ ከሐሜቱ እንጀምር። መቼም በአገራችን ልጅ ሲወለድ ከስሙ በፊት የሚፈለገው ማንን እንደሚመስል ነው። ሕፃኑ ዓይኑ ለየት ብሎ፣ ሰውነቱ ልል ሆኖ፣ ጡት መጥባት አቅቶት ሲገኝ ግን ፍለጋው ይቀየራል፤ ጥፋተኛ ይፈለጋል። «በእርግዝናዋ ምን አይታ ይሆን?» «ምን በልታ?» «የማን እርግማን ነው?» በዚህ ሸንጎ ላይ አባትየው ብዙውን ጊዜ ለምስክርነት እንኳ አይጠራም። ተከሳሿ አንድ ናት፤ እሷም ገና ከአራስ ቤት አልወጣችም።

የሳይንሱ መልስ አጭር ነው። የሰው ሴል 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ 23 ጥንድ ማለት ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ላይ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆኖ ይገኛል። ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1866 የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ነው፤ ስሙ የመጣው ከእሱ ነው። ትርፉን ክሮሞዞም ደግሞ ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ አደረገው። ከመቶ 95 ገደማ በሚሆኑት ላይ ነገሩ የሚመጣው ሴል ሲከፋፈል በሚፈጠር ስህተት ነው፤ ከዘር የወረደ አይደለም። ከታየ፣ ከተበላ ወይም ከተሠራ ነገር ጋር የሚያገናኘው የለም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ በ25 ዓመት ከ1,200 ወሊዶች አንድ ገደማ የሆነው በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ የሚወልዱት ወጣቶቹ ስለሆኑ፣ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከ35 ዓመት በታች ከሆኑ እናቶች ነው። ስለዚህ «አርጅታ ወልዳ ነው» የምትሉም ብትተዉት ጥሩ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ አሁንም «ሞንጎል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ነጭ ጋዋን የለበሱ ናቸው። ሞንጎልያ እ.ኤ.አ. በ1965 ለዓለም ጤና ድርጅት ቅሬታዋን አቅርባ ድርጅቱ ቃሉን ከተወው ስንት ዘመን ሆነው። የአንድን አገር ሕዝብ ስም ወስዶ ለልጅ ስድብ ማድረግ… ለእኛስ «ሐበሻ» የሚል በሽታ ቢወጣልን?)

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እናት እናውቃለን። ስሟን አንጽፍም። ልጇ 14 ዓመቱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች፤ ምጣዱን ትጥዳለች፤ ልጁን ትቀሰቅሳለች። የጫማውን ማሰሪያ ካላሰርኩ ብሎ ሙጭጭ ይላል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እሷም ትጠብቀዋለች፤ ምክንያቱም ዛሬ ከነጠቀችው ነገ አይሞክርም። ከዚያ አራት ፎቅ ደረጃ። ከዚያ ታክሲ። ረዳቱ አንዴ ያየውና «እናት፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍይው» ይላል። የ14 ዓመት ልጅ የሁለት ሰው ቦታ አይዝም። ረዳቱ የሚያስከፍላት አጠገቡ ሰው አልቀመጥም ስለሚል ለሚቀረው ባዶ ወንበር ነው።

ትምህርት ቤት ስትፈልግ ሦስት የግል ትምህርት ቤቶችን አንኳኳች። አንዱ «ቦታ ሞልቷል» አላት። ሁለተኛው «የሠለጠነ መምህር የለንም» አላት። ሦስተኛው ቢያንስ ሐቀኛ ነበር፤ «ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጡብናል» አላት። አሁን ከከተማው ወዲያ ማዶ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ልዩ ክፍል ውስጥ ይማራል፤ ግማሽ ቀን ብቻ። ግማሽ ቀን ማለት እናትየው ሙሉ ቀን መሥራት አትችልም ማለት ነው። በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ዛሬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ሠራተኛ ብትቀጥር አትቆይላትም፤ ጎረቤት «ይተላለፍብሻል» ብሎ ያስፈራራቻት አንዷ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ባልየው አልተዋትም፣ እንዳናማው፤ ይሠራል፣ ያመጣል። ግን ልጁን ይዞ ካፌ ተቀምጦ አያውቅም። ከወለደች ወዲህ እሷ ብቻዋን ፀጉር ቤት ገብታ አታውቅም። ሠርግ ስትጠራ ቀለበቱ ሳይታሰር ትወጣለች።

ስለ ልጇ ስትጠየቅስ? ትስቃለች። ቡና ሲፈላ ስኒውን የሚደረድረው እሱ ነው፤ የትኛዋ ጎረቤት ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምታደርግ በቃሉ ያውቃል። ዘፈን ሲከፈት አያስቀምጠውም። ሲናደድ ደግሞ በሩን ዘግቶ ያኮርፋል፤ እንደ ማንኛውም የ14 ዓመት ጎረምሳ። «መልአክ ናቸው እኮ» የምትሉ ሰዎች ቤቷ መጥታችሁ ሲያኮርፍ ብታዩት ሐሳባችሁን ትቀይሩ ነበር። መልአክ አይደለም፤ ልጅ ነው። ምስኪንም አይደለም። ያደከማት እሱ አይደለም፤ ታክሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ደረጃው፣ የጎረቤት ምላስ ነው።

ይህ የእኛ አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብራያን ስኮትኮ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ያሏቸውን ከ2,000 በላይ ወላጆች ጠይቆ ውጤቱን አሳትሟል። 99 ከመቶዎቹ ልጃችንን እንወዳለን አሉ፤ 79 ከመቶዎቹ በእሱ ምክንያት ለሕይወት ያለን አመለካከት ተሻሽሏል አሉ፤ በመውለዳቸው የሚጸጸቱት 4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከወንድሞችና እህቶችም 88 ከመቶዎቹ በእሱ ምክንያት የተሻልን ሰዎች ሆነናል ብለዋል።

ደስ ይላል። ግን ይህን ቁጥር ይዞ «ይኸው፣ ደስተኞች ናቸው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። የተጠየቁት በዳውን ሲንድረም ማኅበራት በኩል የተገኙ ወላጆች ናቸው። አማካሪና ቢጤ ያገኙ ማለት ነው። በዚያ አገር አካል ጉዳተኛ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ሕግ ሆኗል። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና የመሰለ ድጋፍ እንዲደራጅ ደግሞ በ1986 ተደንግጓል። እዚያም ወላጅ ይደክማል፤ ግን ፍቅሩ ላይ ድጋፍ ተጨምሮበታል። የጀሞዋ እናት ፍቅሩ አላት። የጎደላት ሌላው ነው።

የጎደለው ከሆስፒታል ይጀምራል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ስለዚህ ገና በጨቅላነታቸው የልብ አልትራሳውንድ መታየት አለባቸው፤ የታይሮይድ፣ የጆሮና የዓይን ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋቸዋል። ይህን ለወላጅ ቁጭ አድርጎ የሚነግር ስንት ሐኪም አለ? ብዙ እናቶች የሚነገራቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም በኮሪደር ላይ፤ «ይሄ ልጅ እንደ ሌላው አይሆንም፤ ተቀበይው።» መቀበል ጥሩ ነው፤ ግን ልቡን ማን ያየዋል? በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ስንት ነፍስ አትርፏል፤ ወረፋው ግን ለዓመታት በሺዎች ሲቆጠር የኖረ ነው። ያን ወረፋ ለመያዝ እንኳ መጀመሪያ የሚነግርሽ ሰው ያስፈልጋል። ጠበል የሚወስዱ ይውሰዱ፤ ጠበሉና የልብ ምርመራው አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ሠላሳ አምስት ዓመት የተጨመረው የልብ ቀዶ ሕክምና ስለተገኘና ልጆቹን በተቋም መቆለፍ ስለቀረ ነው።

መንግሥትስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው፣ ወይም የሚያስለቅሰው። ወረቀት በሽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 28ን እስቲ ፈልጋችሁ አንብቡት። በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሥልጠና፣ የምክር አገልግሎት፣ የገንዘብ ድጋፍ እና… አሁን ጆሯችሁን ስጡን… የእፎይታ እንክብካቤ ያገኛሉ ይላል። እፎይታ! ማለትም ለተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን ሌላ ሰው ልጁን ይዞላት እናት ፋታ የምታገኝበት አገልግሎት። ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ የጀሞዋ እናት ፀጉር ቤት የመቀመጥ መብቷ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀ ነው ማለት ይቻላል። ቀበሌ ሄዳ «ፋታዬን ስጡኝ» ብትል ግን ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ።

የሠራተኛ ሕጉንም እንየው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሲያገባም እንዲሁ። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥመው ደግሞ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ለማያቋርጥ እንክብካቤ የተለየ ፈቃድ የለም። ልጁ ቢሞትባት ሦስት ቀን ይከፈላታል። ልጁ በሕይወት ኖሮ ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ስታመላልሰው ግን ደመወዟ ይቆረጣል።

ይህን ስናነብ የመጣልን እድር ነው። እድር ላይ ክፉ አንናገርም፤ እግዜር ይስጠው፤ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። የጀሞዋ እናትም በየወሩ ትከፍላለች፤ ለአሥራ አራት ዓመት አላጎደለችም። እድሩ ግን አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ ከሰዓት ልጁን እኛ እንይዝልሽ» ብሎ ደጇን አልረገጠም። እሷ ስትሞት ግን ሁሉም ሰው ይመጣል። ያኔ ልጁን አይተው «ወይኔ፣ ይሄን ልጅ ማን ያየዋል?» ብለው ደረት ይመታሉ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ሃያ ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

«እድር የሞት ማኅበር ነው፤ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ተሳስቷል። ኤድስ ከተማውን ባጠቃበት ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች በሽተኛ ቤት ለቤት ጠይቀዋል፣ አጥበዋል፣ አጉርሰዋል፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትንም ደግፈዋል። በወቅቱ ያንን በሽታ በሩቁ ከመፍራት ያለፈ ነገር ማድረግ ስንት ድፍረት እንደሚጠይቅ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ያን ያደረገ እድር በወር አንድ ቅዳሜ ተራ አውጥቶ አንድን ልጅ ለአራት ሰዓት መያዝ ያቅተዋል? ልጁ አይተላለፍም። አይናከስም። ቢበዛ ስኒ ሲደረድር ቢያገኛችሁ «አንተ ተቀመጥ» ይላችኋል።

ስለ እህቶችም እንናገር፤ ይህን ከምታነቡት ውስጥ እንዳላችሁ እናውቃለንና። በየቤቱ ሁለተኛዋ እናት እሷ ናት። የማታ ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ጓደኞቿ ሲወጡ «ዛሬ አይመቸኝም» የምትለው፣ ጓደኛዋን ቤት ከማምጣቷ በፊት «ወንድሜ…» ብላ ጀምራ የምትተወው። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ የወንዱ ቤተሰብ «በዘራቸው አለ ወይ?» ብሎ ያጠያይቃል። በአብዛኛው በዘር አይሄድም፤ ከፍ ብለን ጽፈነዋል። ከመቶ ሦስት አራት በሚሆኑት ላይ የሚታየው፣ ክሮሞዞሙ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር የሚጣበቅበት ዓይነት ብቻ አንዳንዴ ከወላጅ ይወረሳል፤ እሱም በደም ምርመራ ይለያል። ይህችን እህት ማንም ቴሌቪዥን ላይ ጋብዟት አያውቅም። ጀግና እንኳ አልተባለችም። ወንድሟን ትወደዋለች፤ የራሷን ሕይወትም ትፈልጋለች። ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

በየዓመቱ መጋቢት 12 የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያከብረዋል፤ ቀኑ የተመረጠው 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት መሆኑን ለማሳየት በሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ላይ ነው (በእኛ አቆጣጠር 12 ስለሚሆን ጨዋታው ይጠፋል)። ቀኑን ለማሰብ የተለያየ ቀለም ያለው ካልሲ ይለበሳል። ክሮሞዞም ካልሲ ይመስላል ተብሎ ነው። የእኛ ትውልድ ለካልሲው ችግር የለበትም፤ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ላይክ ይሰበስባል፣ ማታ ካልሲውን ያወልቃል። የጀሞዋ እናት ግን መጋቢት 13 ላይም 11 ሰዓት ትነሳለች። ካልሲ አትልበሱ አላልንም። ካልሲውን ለብሳችሁ አራተኛ ፎቅ ውጡ ነው ያልነው።

እስካሁን በዚህ አገር የሆነ ነገር ካለ፣ የሠሩት በአመዛኙ ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ሲያጡ በ1994 ዓ.ም. የጆይ ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስለ ሌሎች ልጆችም ሲጮኹ ኖሩ። ዳውን ሲንድረም ላይ የሚሠራውን ዲቦራ ፋውንዴሽን ያቋቋሙት የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ናቸው፤ እሳቸውም አባት ናቸው። እናደንቃቸዋለን። ግን አስቡት፤ የቤት ቃጠሎ የሚያጠፋው ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ብቻ የሆነበት ከተማ! ደግሞስ አፈ ጉባኤም የቁንጅና ትምህርት ቤት ባለቤትም ያልሆነች፣ እንጀራ የምትጋግር እናት ማዕከል በምን ትክፈት?

ከሁሉ በላይ ሌሊት የማያስተኛው ጥያቄ ሌላ ነው። «ከእኔ በኋላስ?» ልጆቹ ዛሬ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ወላጆቻቸውን ይቀብራሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ያው 21ኛው ክሮሞዞም ከአልዛይመር ጋር የተያያዘ ጂን ስላለበት፣ ብዙዎቹ በ50ዎቹ ዕድሜያቸው የመርሳት ችግር ይጀምራቸዋል። ያኔ እናትየው 80 ሆናለች፤ ወይም የለችም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የሞግዚትነት ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ቤቱ፣ ባንክ ያለች ጥቂት ገንዘብ፣ የጡረታ መብት በማን እጅ እንደሚቆዩ ከወዲሁ የሚያማክራት የለም። ከዚህ የተነሳ እናቶች የሚጸልዩት ጸሎት አለ፤ ጮክ ብለው አይሉትም፤ «ከእኔ አንድ ቀን አስቀድመህ ውሰደው።» እናት የልጇን ሞት የምትለምንበት ከተማ ውስጥ ነው ማኪያቶ እየጠጣን ያለነው። ይህን የሚሰማ ሰው «ጀግና» ብሎ ለማጨብጨብ እጁ እንዴት እንደሚነሳለት አይገባንም።

«አገሪቱ ደሃ ናት፤ ስንት ችግር እያለ!» የሚለውን እንሰማለን። ደሃ ናት። ግን የጠየቅነው በሄሊኮፕተር የሚመጣ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ከኮሪደር ገባ ብሎ ለሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቢያስረዳ ስንት ብር ያስወጣል? ልዩ ክፍሉ ግማሽ ቀን መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ቀን ቢሆን፣ ሕጉ ላይ ለተንከባካቢ የምትሆን አንዲት አንቀጽ ብትጨመር፣ ወረዳው የትኛው ቤት ማን እንዳለ ቢመዘግብ? ድህነት ከባድ ነገር ነው፤ የሰው ልጅ አጠገብ ታክሲ ውስጥ አልቀመጥም የሚያሰኝ ግን ድህነት አይደለም።

መንግሥትን ጠይቀን እስኪመልስ እንዳንጠብቅ፣ ለወጣቶቹ የሚሆን ነገር አለ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ተክታችሁ ሂዱ (ከአንድ ሰዓት በላይ የድንኳን ኪራይ ጉዳይ ይወራል፤ ታገሡ)፤ ልዩ ልዩ የሚለው አጀንዳ ሲደርስ እጃችሁን አውጡ። ተራ ይውጣ በሉ። ለወር አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ሁለት ሰው። የሚስቅ ይስቃል፤ ጸሐፊው ግን መመዝገብ አለበት። እድር የሌላችሁ ደግሞ በራችሁ አጠገብ ያለውን ቤት አንኳኩ። ስትሄዱ የምክር መዓት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ሕክምና አትንገሯት፣ አሥር ጊዜ ሰምታዋለች። ለልጁ እንጂ ስለ ልጁ አታውሩ፤ እዚያው ተቀምጦ እየሰማችሁ ነው። የሚበላውን፣ የሚፈራውን፣ መድኃኒት ካለው ሰዓቱን ጠይቁ። መጀመሪያ ቀን እሷ ከቤት አትወጣም፤ አታምናችሁም፣ ልክ ናት። ሁለተኛው ቀን ሱቅ ደርሳ ትመለሳለች። በሦስተኛው ፀጉር ቤት ትሄድ ይሆናል።

የጀሞው ልጅ ጋ የሚሄድ ካለ፦ ዳማ ይወዳል፤ ከዘበኛው ጋር በቆርኪ ነው የሚጫወተው። ሊሸነፍ ሲል አንድ ቆርኪ ኪሱ ይከታል፤ ቁጠሩ።